ፊልሙ ብቻ ያያት ሴት

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። ተጠጉ። ይህቺን ቢላዋ ተቀበሉና ከእጅ ወደ እጅ አሳልፏት። ስለቷ ዶልዱሟል፤ አትፍሯት። የማን እንደነበረች አሁን እነግራችኋለሁ።

የምናገረው የሰማሁትን ብቻ ነው። የሰማሁትም ከራሱ ከሰውየው አፍ ነው።

ሰዓቱ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀትር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር የሚገባበት ሰዓት። በሰውየው መንደር ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ በቀትር ሰው አይሄድም። ከብት እንኳ አይነዳበትም። ለምን? ከወንዙ ዳር ዋርካ አለ። በቀትር ከዋርካው ሥር ማን እንደሚያርፍ ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን የሚጠራ ግን የለም። የግድ የሚያልፍ ሰው ብረት ይይዛል። መርፌም ቢሆን፣ ሚስማርም ቢሆን። ብረት የያዘን አይነካም።

አንዳርጌ የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ከሥራ ሲወጣ ለራሱ ደስታ ፎቶ ያነሳል። አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥቂት ጥቅል ፊልም ትቶለት ሄደ። ኢንፍራሬድ ይባላል። ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚያይ ፊልም ነው።

አንዳርጌ ሞከረው። ቅጠልና አረንጓዴ ቀለም የተቀባ በር ጎን ለጎን አነሳ። ለዓይን ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ፎቶው ላይስ? ቅጠሉ እንደ ጥጥ ነጣ። በሩ እንደ ከሰል ጠቆረ። የራሱን እጅ አነሳ፤ እንደ ወተት ነጣ።

«ገባኝ» አለ። «ሕይወት ያለው ይነጣል፤ የሌለው ይጠቁራል።»

ይህ ፊልም ጠራራ ፀሐይ ይወዳል። ጠራራ ፀሐይ መቼ ነው? ቀትር።

ሚስቱን ደብሪቱን ከዋርካው ሥር አቁሞ ሊያነሳት ይዟት ወረደ። ደብሪቱ ከመቀነቷ ቢላዋ ሸጉጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለፎቶ ብለህ ልታስበላኝ ነው?» እያለች ትስቃለች።

«ዝም ብለሽ ቁሚ። ቢላዋሽ ግን ታንጸባርቃለች፤ ፎቶዬን ታበላሽብኛለች። አምጪያት።»

«ቢላዋዬንማ አልሰጥም።»

«የድሬሰር ሚስት ሆነሽ! ሰው ቢሰማሽ ምን ይላል?»

አፈረች። ሰጠችው። ከካሜራው ቦርሳ ከተታት።

ሌንሱ ላይ ጥቁር መስታወት ገጠመ፤ ፊልሙ ያለዚያ አይሠራም። ከዚያ ማንሳት ጀመረ።

«አንዳርጌ፣ ጀርባዬን በረደኝ።»

በዚያ ጠራራ ፀሐይ በረደኝ አለች። እሱ ምን አላት?

«አትንቀሳቀሺ።»

«አንዳርጌ፣ ቢላዋዬን ስጠኝ!»

«አትንቀሳቀሺ አልኩሽ እኮ!»

ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም። አልተናገረችምም። አሁን ገና መቆም ቻለች ብሎ ደስ አለው።

ወደ ቤት ሲመለሱ «እንኪ ቢላዋሽን» አላት።

«አንተ ጋ ትሁን። ምን ታደርግልኛለች?»

ሠለጠነችልኝ ብሎ ሳቀ።

አመሻሽ ላይ ጨለማ ክፍሉን ዘግቶ በቀይ አምፖል ፎቶዎቹን ማጠብ ጀመረ። ምስሉ ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ወጣ። ነጭ ዋርካ፣ ነጭ ደብሪቱ፤ ከግንዱ ጀርባ ደግሞ አንድ ጥቁር ነገር። ጉቶ ነው አለ። ሁለተኛው ወጣ። ጉቶው ከግንዱ ጀርባ ወጥቷል። ቀጣዩ ወጣ። ጉቶው እጅ አለው። እጁ ከደብሪቱ ትከሻ ላይ ነው። የደብሪቱ አፍ ተከፍቷል።

የመጨረሻው ቆይቶ ወጣ። ከፊት ደብሪቱ ቀጥ ብላ፣ ፈገግ ብላ ቆማለች። እንደ ከሰል ጠቁራለች። ከኋላዋ ከግንዱ ጋር የተጣበቀች አንዲት ነጭ ሴት አለች። እጇን ወደ ካሜራው ዘርግታለች። መልኳ የማን ነው? የደብሪቱ!

በሩ ተንኳኳ።

«አንዳርጌ፣ ጨረስክ?» አለችው ያቺ። «ሌላ ቀን እኅቴንም እንውሰዳት። ፎቶ ትወዳለች።»

በማግሥቱ ቀትር ቢላዋዋን ይዞ ወደ ዋርካው ሮጠ። ስሟን ጠራ። ማንም የለም። ፎቶ አነሳ፣ አጠበው። ከግንዱ ሥር ነበረች፤ ነጭ ናት፣ እጇን እንደዘረጋች። ሌላ ቀን ቢላዋዋን ከእግሯ ሥር አስቀምጦ አነሳት። ፎቶው ላይ ቢላዋዋን ልትይዝ ጎንበስ ብላለች፤ ጣቶቿ ግን ብረቱን አልፈው መሬት ውስጥ ገብተዋል። ደግሞ አነሳት። ንጣቷ ቀንሷል። ደግሞ አነሳት። ግራጫ ሆናለች። አፏ አንድ ቃል ይላል፤ ቃሉ «አንዳርጌ» ነው።

ግራጫ እንደሆነች ፊልሙ አለቀ።

ለመሐንዲሱ ጻፈለት፤ መልስ አልመጣም። ሌላ ፊልም ሞከረ፤ ዋርካውን ብቻ አሳየው። እዚያ መኖሯን ያውቃል። ማየት አይችልም።

ቤት ያለችውስ? አብራው ኖረች። ምግብ ታቀርባለች፣ ትስቃለች። ሽንኩርት ግን ጎረቤት ነው የምታስከትፈው። ሰውየው እኅቷን ከወንዙ ለመከልከል ብዙ ለፋ። አንድ ቀትር ለሥራ ራቅ ብሎ ሄደ፤ እኅትማማቾቹ ወንዝ ወርደው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እኅትየዋም ሽንኩርት አትከትፍም።

ቢላዋዋን የሰጠኝ እሱ ነው። «የማይነካት ሰው ካገኘህ አብረኸው መንገድ አትሂድ» አለኝ።

እናንተም በቀትር ብቻችሁን አትሂዱ። አብሯችሁ የሚሄደውንም በቅድሚያ ብረት አስይዙት።

እህስ፣ ቢላዋዋ የት ደረሰች? ዞራ ወደ እኔ መመለስ ነበረባት። ማን ጋ ቆመች?

አንቺ፣ ጥጉ ላይ ያለሽው። ለምንድን ነው በነጠላሽ ጫፍ የያዝሻት?