ያልታጨደው መቃብር

ማመንና አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር።

በፈረንጆቹ መስከረም 9 ቀን 2018፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ፀሐይ ወጥታለች። ጭጋግ እንኳ አልነበረም።

ከመንደራችን በላይ፣ ከጥዱ ሥር፣ የአያታችንና የአባታችን መቃብር አለ፤ ሁለት ክብ የአፈር ጉብታ። የመኸር በዓላችን ቹሶክ ከመድረሱ በፊት ወጥተን ሣሩን እናጭዳለን። በእኛ በኮሪያ ሣር የዋጠው መቃብር ካያችሁ፣ ወይ ዘሩ አልቋል፣ ወይ ልጆቹ ባለጌዎች ናቸው።

ከእነሱ ዝቅ ብሎ ድንጋይ የሌለው ሌላ ጉብታ አለ። አባታችን በየዓመቱ እሱንም ያጭድ ነበር። "የማን ነው?" ስንለው መልሱ አንድ ነው።

"እጨዱ። አትጠይቁ።"

አባታችን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሞተ። ማጨዱ ለታላቅ ወንድሜ ለዶክሱ ወረደ።

ኦክቡን የምትባለው አክስታችን የማን እንደሆነ የነገረችን ቅዳሜ ዕለት፣ ሣሩን አጭደን ስንጨርስ ነው።

"የፒዮዎች ነው፤ የጎረቤቶቻችን። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮቹ መንደሩን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰበሰቡና 'ተራራ ላይ ላሉት ሸማቂዎች ስንቅ የሚያቀብል ማነው?' አሉ። አያታችሁ... በጣቱ ጠቆመ። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፤ እዚያው ረሸኗቸው። የሚያጭድላቸው እንኳ አልተረፈም።"

"እውነት ያቀብሉ ነበር?" አልኳት።

"ምን አላቸውና ያቀብላሉ! ለራሳቸውም የሚቀምሱት አልነበራቸውም።"

ዶክሱ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

"ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? ያኔ የት ነበርኩ? ባይጠቁም እኮ እሱን ነበር የሚረሽኑት። ጊዜው እንደዚያ ነበር። ያኔ ትክክል ነበር።"

"ጋሼ፣ ያኔ ትክክል፣ ዛሬ ስህተት የሚባል ነገር አለ እንዴ?"

"አንተ ፈላስፋ! ማጭዱን ያዝና ዝም በል።"

አክስቴ ብቻ በቀስታ... "ለሞተው ሰው ያኔም ዛሬም ያው ነው" አለች።

ለመንኩት። "እሺ አንተ ተወው፣ እኔ ልጨድላቸው" አልኩት። ማጭዱን ከእጄ ነጠቀኝ።

"አንተ ካጨድክ ጥፋቱን አመንን ማለት ነው። የአያታችንን ደም ተሸከምን ማለት ነው።"

ይባስ ብሎ ከእኛ መቃብር ላይ ያጨደውን ሣር ሁሉ ታቅፎ ወርዶ... ፒዮዎች ላይ ከመረው።

አክስቴ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ተመለስን። ዶክሱ የማጨጃ ሞተሩን ጥዱ ሥር ረስቶት ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት የፒዮዎችን መቃብር ነው። የተከመረው ሣር የለም። ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኩ።

ከዚያ ቀና ስል...

የአያታችን መቃብር ሣር እስከ ጉልበት ደርሷል።

አጠገቡ ያለው የአባታችን ግን ትናንት እንዳጨድነው ነው።

ጠጋ አልኩ። አዲስ ሣር አይደለም። ጫፉ ጠውልጎ ቢጫ ሆኗል። ትናንት ያጨድነው ሣር ነው... ቆሟል።

"የመንደሩ ዱርዬዎች ናቸው የሰኩት" አለ ዶክሱ።

አንዱን ይዤ ሳብኩ። እምቢ አለኝ። በኃይል ነቀልኩት...

ሥር ነበረው።

ዶክሱ ሞተሩን ሊያስነሳ ሞከረ። አልነሳም። ማጭዱን ይዞ ገባበት፤ እየተሳደበ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

ድንገት ቀጥ አለ። ፊቱን ወደ ታች፣ ወደ ፒዮዎች መለሰ።

"አቤት?" አለ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። የወፍ ድምፅ እንኳ።

"አይ... እኔ አይደለሁም አባባ። የልጅ ልጁ ነኝ።"

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ተሳስተዋል..." ማጭዱን መሬት ላይ ጣለ። "እኔ እኮ ያኔ አልተወለድኩም።"

አዳመጠ። ተማሪ አስተማሪውን እንደሚሰማ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ቀኝ እጁ ተነሳ። በቀስታ... ዓይኖቹ እኔን አያዩም።

ጣቱ ግን እኔ ላይ ነበር።

"እሱ ነው" አለ።

ሁለታችንም ጣቱን አየነው። ዶክሱ በሌላኛው እጁ ጨብጦ ደረቱ ውስጥ ደበቀው። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ምን አሉህ?"

"'ማነው?' ብቻ ነው ያሉኝ።"

"ሌላስ? አስፈራሩህ?"

"ሌላ ምንም አላሉኝም።"

ዶክሱ ጥር ላይ ሞተ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ከአባታችን ጎን ቀበርኩት።

አለቅስለታለሁ፤ እናደድበታለሁም። ሙግቱን ጀምሮ ሳይጨርስ ጥሎኝ ሄደ። ጥፋት በደም ይወረሳል ወይስ እያንዳንዱ እንደገና ይሠራዋል? ማንን ልጠይቅ? መነኩሴ ጠየቅኩ፣ ሻይ አጠጣኝ። ፓስተር ጠየቅኩ፣ ጸለየልኝ። አክስቴ "ዝም ብለህ እጨድ" አለችኝ። እሷን ከዶክሱ ቀብር ወዲህ እግሯ ከድቷታል፤ ሌላ ዘመድ የለንም።

በተከታዩ መስከረም ብቻዬን ወጣሁ። በፒዮዎች ጀመርኩ። ቀጥሎ አያቴን፣ ቀጥሎ አባቴን አጨድኩ።

ዶክሱ ጋ ስደርስ፣ ታጭዶ ነበር።