ፀጉሯን የላጨሁ ቀን

የሰደበኝ ሰው እንዳላማው ይባላል። ቀኑ ጥር 12፣ የሚካኤል ለት፣ ዓመቱ 2014፣ ቦታው ደምበጫ። ከእህቱ ከማንጠግቦሽ ጋር ስስቅ አየኝና በሰው ፊት፦

«አንተ ፀጉር ቆራጭ! የስንቱን ፎሮፎር ሲያራግፍ በዋለ እጅህ እህቴን ልትነካ?» አለኝ።

ይታያል እባላለሁ፤ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ስድብ ግን አልረሳም።

አምና ማንጠግቦሽ አረቄ ስታወጣ እሳቱ ቀሚሷን ያዘው። ፊቷና ራሷ ብቻ ተረፈ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ በረርኩ።

«ዶክተር፣ ከእኔ ጭን ቆዳ ልጠው ይለጥፉላት!»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «የሌላ ሰው ቆዳ ሰንብቶ ይረግፋል። የሚይዘው የራሷ ነው፤ ደህና የቀራት ደግሞ ከፀጉሯ ሥር ያለው ቆዳ ነው። ስስ አድርገን እንገፍፈዋለን፣ እንደ ወንፊት በስተን፣ ለጥጠን ቁስሉ ላይ እንለጥፈዋለን። ፀጉሩ መልሶ ይበቅላል። እሷ ግን አልላጭም አለች። ቁስሉ ክፍት ከቆየ ደግሞ መርቅዞ ይገድላታል።»

ምላጬን ይዤ ገባሁ። እስከ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልላለች።

«ምነው እምቢ አልሽ?»

«እኛ አገር ሴት የምትላጨው ባሏ ሲሞት ነው፣ ይታያል። እኔ ገና ባል እንኳ ሳላገባ!...»

«እንግዲያው መጀመሪያ አግቢ።»

«ማንን?»

«ምላጭ የያዘውን።»

በሳቅ ፈነዳች።

«አታስቀኝ፣ ቁስሌን! በል ላጨኝ... ጆሮዬን ቆርጠህ ግን አላገባህም!»

ጆሮዋን በአንድ እጄ ከልዬ ላጨኋት።

ከመጀመሪያው ልጥፍ ግማሹ አልያዘም። አለቀሰች፤ እኔም ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። የተገፈፈው ራሷ እስኪድን ጠብቀው ዶክተሮቹ ደገሙ፣ ሠለሱ። ሦስት ጊዜ ላጨኋት። በሦስተኛው ያዘ!

«ደንበኛህ ሆንኩ አይደል?» አለችኝ።

«ሌላ ጋ ስትሄጂ ባይሽ!...»

የወጣች ቀን እንዳላማው ከሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀን። አባታቸው ከሞተ ወዲህ የቤቱ አዛዥ እሱ ነው።

«በል ይታያል፣ ዝም ብለህ ውሰዳት። ሽማግሌ ምን ያደርጋል? እንዲህ ሆና ማን ይጠይቃታል?»

ማንጠግቦሽ አንገቷን ደፋች። ደሜ ፈላ። ወደ እሷ ብቻ ዞርኩ።

«ማንጠግቦሽ፣ እሑድ ሦስት ሽማግሌ በራችሁ ይቆማል። እንደ ማንኛዋም ልጃገረድ ተለምነሽ ነው የምትወጪው።»

ቀና አለች። ዓይኗ በራ።

«በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ!»

«አንተን እኮ ነው የማናግረው!» ብሎ ጮኸ እንዳላማው።

ሳልመልስለት ሄድኩ።