ሽጉጥን ቤት የመውሰድ ፈቃድ

ቅዳሜ ጠዋት ሃምሳ አለቃ ክላይድ ሃርገት በኬንታኪው ጦር ሰፈር፣ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ደረቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የገዛ ሽጉጡ አጠገቡ ወድቋል።

መርማሪ ታልማጅ ሲደርስ ሻምበል ኬሎግ ጥፋተኛዋን አግኝቶ ጨርሷል። ሻምበሉ ትናንት የታልማጅ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ ዛሬ ያዘዋል። ታልማጅ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎ ከማዕረጉ ንቅንቅ አላለም። ይህ ነገር ሆዱን ይበላዋል።

«እጮኛው ናት፣ አስር አለቃ ዴሊያ» አለ ሻምበሉ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። በስድስት ሰዓት ለፖሊስ አስረክባታለሁ።»

«ሽጉጡ እዚህ ምን ይሠራል?»

ማደሪያ ውስጥ የሚኖር ወታደር የግል መሣሪያው ንብረቱ ቢሆንም ግምጃ ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል። ሲያወጣ በስሙ የተሰጠውን የመሣሪያ ካርድ ያስይዛል፤ ካርዱ መሣሪያው እስኪመለስ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላል።

«ዓርብ አስር ሰዓት፣ ዒላማ ልተኩስ ብሎ አወጣው» አለ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ፕሩት። «ፊርማው ይኸው።»

«ስለ ጋብቻው አጫወተህ?»

«የምን ጋብቻ? እኔ መሣሪያ እንጂ ሠርግ አልጠብቅም፣ ጌታዬ።»

ዴሊያ ዓይኗ አባብጧል። «የተጨቃጨቅነው ስለ መጋረጃ ነው» አለች። «ሰኞ የባለትዳሮች ቤት ልንገባ ነበር። እዚያ ሽጉጡን ቤቱ ማስቀመጥ ይችላል። ትናንት ሻምበሉ የፈረመለትን ፈቃድ ለፕሩት ሰጥቶት፣ ፕሩት ‹ሰኞ ና› ብሎ መለሰኝ እያለ ሲበሽቅ ነበር።»

«ማን ያምንሻል?» አለ ሻምበሉ።

ታልማጅ የሟቹን ኪስ ፈተሸ። ከዚያ ሁሉንም ግምጃ ቤት ሰበሰባቸው።

«ፊርማ ማንም ይሞነጭራል» አለ። «ካርዱስ የታለ?»

ፕሩት ወደ መንጠቆዎቹ ሰሌዳ ዞረ። የሃርገት መንጠቆ ባዶ ነው።

«ሬሳው ኪስ ውስጥ አገኘሁት። ካርዱን ካላስያዘ ሽጉጡን አልወሰደም። ቁልፉ ደግሞ ያንተ ብቻ ነው።»

«ካርዱን መቀበል ረስቼ ይሆናል…»

«አንተ? ሻምበሉን እንኳ ካርድ አልያዝክም ብለህ የምትመልስ ሰው?»

ታልማጅ ከመደርደሪያው ፋይል ስቦ ገለጠ። የሃርገት ፈቃድ በስሙ ተራ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል።

«ሌላ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ያቃጥለው ነበር። አንተ ግን የተፈረመ ወረቀት መጣል አትችልም። ዓርብ፣ አስር ሰዓት ከሩብ፣ ‹ደርሷል› ብለህ ማኅተም መትተህበታል። አብሮት የሚኖር ሰው በሚለው ቦታ የማን ስም አለ? ‹የምን ጋብቻ?› ያልከኝ አንተ፣ እስቲ አንብብልን።»

ፕሩት ወረቀቱን ሳያይ «የዴሊያ» አለ።

«ሽጉጡን ሰባት ዓመት አቆሽሾ ያመጣዋል፣ እኔ እወለውልለታለሁ» አለ። «ሁሉን እሱ ቤቱ ይወስዳል፤ ሽጉጡንም፣ ዴሊያንም። እኔ እቆልፋለሁ።»

ታልማጅ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ሻምበሉን ላለማየት አንገቱን ደፋ።

ዴሊያ ተጠጋች። «ፕሩት፣ እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ…»

«እምቢ እልህ ነበር» አለች። «አንተም አንድ ቀን ሰክረህ ታድር ነበር። በቃ፣ ከዚያ የባሰ አይመጣም ነበር።»