ሰማያዊ ቀለበት የነበራት ዶሮ

ዶሮን ቶሎ የሚያስረጃት ከእናቷ የወረሰችው ነው ወይስ ያደገችበት ቦታ? አዩማ ለዚህ ጥያቄ ስትል ወራት ሙሉ ኩስ ጠርጋለች። የመልሱ እኩሌታ ግን አሁን አጎቷ ሳህን ላይ ኡጋሊ ከሚባለው የበቆሎ ገንፎ ጋር ቀርቧል።

«ኩኩ!» ብላ አያቷን ጠራች፣ ከላባው ክምር ያነሳችውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበት እያሳየች። «ይቺን ለምን አረዷት?»

«ስሚ እንግዲህ! አጎትሽ ከካካሜጋ ድረስ መጥቶ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ይሂድ? በዚህ ቤት እግሯ ላይ ምልክት የታሰረላት ዶሮ የእንግዳ ናት። ያሰርሽላት ደግሞ አንቺው ነሽ።»

«የጥናት ናት ብዬዎት ነበር እኮ!»

«ጥናቱስ ጥሩ ነው» አለ አጎቷ፣ ለክቡር እንግዳ ብቻ የሚሰጠውን የዶሮ ጨጓራ እያላመጠ፤ «ጨው ትንሽ አንሶታል።»

አዩማ በሩን በርግዳ ወጣች። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ዶክተር ሙሶቢ የአንድ እናት ጫጩቶች ሰጥታት፣ ሁለቱ በጠባብ የሽቦ ሳጥን፣ ሁለቱ በግቢ አድገዋል። ባለ ሰማያዊ ቀለበቷ ከሳጥኖቹ አንዷ ነበረች። ነገ ደም ይወሰዳል። ገመድ እንዳይፈታ ጫፉ እንደሚቋጠር፣ በሴል ውስጥ ያለው የዘር ክርም ቴሎሜር የሚባል፣ ከእርጅና ጋር የሚያጥር ጫፍ አለው፤ የማን እንዳጠረ ይለካል። አንዷ ከጎደለች አዩማ ከጥናቱ ትወጣለች፤ የናይሮቢው የተማሪዎች ውድድርም ይቀራል።

«ምን ያንጨረጭርሻል?» አላት የአክስቷ ልጅ ሺሙሊ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጦ። «በግቢ ካደጉት ቀይዋ ላይ ቀለበቱን እሰሪው፣ አለቀ። ለግቢው ደግሞ ሌላ ቀይ ከጎረቤት አመጣልሻለሁ። ዶሮ መታወቂያ የላት!»

«ቀይዋ በሳጥን አላደገችም።»

«እህቷ አይደለችም እንዴ? ደሟ ምን ብሎ ያሳብቃል?»

ደሟ ምንም አያሳብቅም። የሚያበሳጨውም እሱ ነው።

ቀይዋን አባራ ያዘቻት። ዶሮዋ ክንዷን ሞነጫጨረቻት። ቀለበቱ እግሯ ላይ ግማሽ ድረስ ገብቶ ሳለ አዩማ እጇን አቆመች። «ኧረ ሂጂልኝ!» ብላ ለቀቀቻትና ስልኳን አውጥታ ጻፈች።

«ዶክተር፣ ባለ ሰማያዊ ቀለበቷን ለእንግዳ አርደናታል። በሌላ ልተካት ነበር፤ ተውኩት። ነገ ይመጣሉ?»

«አብደሻል» አላት ሺሙሊ።

መልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ዶክተሯ አንብባዋለች። አዩማ የአጎቷን ሳህን አጠበች፣ ስልኳን አየች፤ ጠዋት ተነስታ የቀረችውን ዶሮ ሳጥን ጠረገች፣ ደግማ አየች። ከመልእክቷ ሥር መልስ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም፤ ደም ሊወስድ የመጣም የለም።