የፔኒፋዘር ነጭ ጓንቶች

ሳይላስ ፔኒፋዘር ማክሰኞ ጧት በራቬንሆልሞች መኖሪያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከመሰላሉ ሥር ተጋድሟል፤ ጭንቅላቱ የምድጃውን ድንጋይ ተንተርሷል። በሁለቱም እጆቹ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቋል።

ያገኘችው ሚስ ኦገስታ ራቬንሆልም ናት። መጀመሪያ ጓንቶቹን አየች፤ ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ብራና። የደነገጠችው ብራናውን ስታይ ነው። የሰው ሬሳ ከእግሯ ሥር ተዘርግቶ እሷ በብራና መደንገጧ እስከ ዛሬ ያሳፍራታል።

የሟቹ ሥራ የጥንት ሰዎችን ሙግት ማንበብ ነበር። ወንድሟ ሰር አምብሮዝ የቀጠረው የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ከድሮ የንጉሥ ችሎት መዝገቦች ለቅሞ እንዲያወጣለት ነው። ነገሩ ለክብር ብቻ አልነበረም። የመንደሩ ሰው ከብቱን የሚያግጥበትን የወንዝ ዳር መስክ ሰር አምብሮዝ «የአባቶቼ ነው» ብሎ ከሷል፤ ክሱም በሚቀጥለው ሳምንት ሊሰማ ነው። ማስረጃው ያ ብራና ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አንድ ባላባት መስኩን ለራቬንሆልሞች እንደሰጠ ይናገራል።

ኢንስፔክተር ሆልሮይድ ቦርጫም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድና ከረሜላ የማይለየው ሰው ነው። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ።

«ከመሰላል ወድቆ ነው፤» አለ ሰር አምብሮዝ። «በዚህ ዕድሜው እንደ ጦጣ ካልተንጠለጠልኩ ይላል። ይህን ለማወቅ ኢንስፔክተር አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም ይሆናል። ሁልጊዜ ጓንት ያደርግ ነበር?»

«ሁልጊዜ። የቆየ ጽሑፍ በባዶ እጁ የሚነካ ጨዋ ሰው አለ እንዴ?»

«እርስዎስ፣ ሚስ ኦገስታ? ከጎኑ ተቀምጠው ሲያግዙት ነበር አሉ።»

ኦገስታ ታውቃለች። ሽማግሌው በየቀኑ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ በባዶ ጣቱ ነበር ብራናውን የሚገልጠው። «ቆዳ እኮ ነው፤ ጣት ካልተሰማው ይቀደዳል፤» ይላት ነበር።

«እንጃ፤ ልብ አላልኩም፤» አለች። ፊቷ ጋለ።

እንዲህ ስታፍር ደግሞ የመጀመሪያዋ አይደለም። በጸደይ ፔኒፋዘር ከአንድ የችሎት መዝገብ ማቲልዳ የምትባል የራቬንሆልም መበለት አግኝቶ ነበር። ይህች ሴት ሟች ባሏ የተወላትን የመሬት ጽሑፍ ይዛ ችሎት ቀረበች፤ ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት «ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ መሬቱም የእኔ አይደለም» አለች። ዳኞቹ ድሃ ናት ብለው የሐሰት ክሱን መቀጮ ማሯት። ፔኒፋዘር ደስ ብሎት ሲያነብላት ኦገስታ ግን አቀረቀረች።

«እባክዎን እሷን ከሐረጉ ይተዉልኝ፤» ብላ ለመነችው።

«ለምን? ከዘራችሁ ሁሉ የወደድኳት እሷን ነው!» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እሱም ስሟን ተወላት።

ኢንስፔክተሩ የመንደሩን ቄስ አስጠራ። ቄስ ክሪስፒን የድሮ ጽሕፈት ማንበብ ይችላል፤ በመስኩ ሙግትም የመንደሩ ጠበቃ እሱ ነው።

«ጓንት? ሳይላስ?» አለ ቄሱ በእንባው መካከል ፈገግ ብሎ። «አንድ ቀን እኔ አድርጌ ብመጣ፣ ‹ቄስ፣ ሊያነቡት ነው ወይስ ሊቀብሩት?› ብሎ መሳቂያ አደረገኝ።»

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«በየሳምንቱ! መስኩ የመንደሩ ነው ስለው ‹መዝገቡ ይናገር› ይለኛል።»

ሆልሮይድ ጓንቶቹን ቀስ ብሎ አወለቀ። የሟቹ የቀኝ አውራ ጣት ጠቁሯል። ቀጥሎ ብራናው ላይ አጎነበሰ፤ አንደኛው መስመር ላይ ፊደሉ ተጨማልቋል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ምግብ አዳራሽ ሰበሰባቸው። ፔኒፋዘር አንድም ቀን ተቀምጦበት አያውቅም፤ የሚበላው ወጥ ቤት ነበር።

«ሽማግሌው ብራናውን ጠረጠረ፤» ብሎ ጀመረ ኢንስፔክተሩ። «አውራ ጣቱን አርጥቦ ፊደሉን አሸው፤ ቀለሙ ለቀቀ። ሰባት መቶ ዓመት የኖረ ቀለም እንዲህ አይለቅም። ቆዳው አሮጌ ነው፤ ጽሑፉ ግን የቅርብ ጊዜ ነው።»

«ቀጥል እስቲ፤» አለ ሰር አምብሮዝ።

«ጣቱ ጠቁሮ ጓንቱ ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ ጓንቱ የመጣው ከቀለሙ በኋላ ነው። ያጠለቀለትም ጣቱን ሊሸፍን የፈለገ ሰው ነው፤ ቀለም ከቆዳ ላይ በችኮላ አይታጠብማ። ማነው ይህ ሰው? ቄሱ አይደሉም፤ በጓንት የተሳቀባቸው ናቸው። ሚስ ኦገስታም አይደሉም። ልብ አላልኩም ያሉኝ ዋሽተው ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ይህን ሊስት አይችልም። ጓንት ያጠለቀለት ሰው ሽማግሌው ሲሠራ አንድም ቀን አላየውም። ሰር አምብሮዝ፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ የቅጥረኞቼን እጅ አልመለከትም!»

«አዎ፤ እሱን ነው የምለው።»

ሰር አምብሮዝ ሳቀ። «ግምት ነው! የድሮውን ፊደል ማንበብ እንኳ የማልችል ሰው እንዴት እጽፈዋለሁ?»

ሆልሮይድ ዓይኑን ኦገስታ ላይ ተከለ። እሷ ዝም ካለች ወንድሟ በነፃ ይሄዳል፤ መስኩንም ይወስዳል። ከተናገረች ገመድ ይጠብቀዋል። አንድ ማሕፀን ያወጣቸው፣ ሌላ ዘመድ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው።

«ኦገስታ፣» አለ አምብሮዝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስማችንን አስቢ።»

ኦገስታ ተነሣች።

«ጽሑፉ ሐሰት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የድሮውን የፊደል አጣጣል አባታችን አስተምሮኛል። አምብሮዝ ለገና ባዶ ብራና አምጥቶ ‹ለግድግዳ ጌጥ ጻፊልኝ› አለኝ። ለክሱ ማስረጃ እንዳደረገው ያወቅኩት ዛሬ ጧት ጠረጴዛው ላይ ሳየው ነው። ትናንት ማታ እሱና ሚስተር ፔኒፋዘር ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። የወደቀ ነገርም ሰማሁ። በሬን ዘግቼ ተኛሁ።»

አምብሮዝን ይዘውት ሲወጡ አንዴም ዞሮ አላያትም። ቄሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል።

«ጧት ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?» አላት ሆልሮይድ።

«አፍሬ።»

«በወንድምዎ?»

«አይደለም። ማቲልዳ የምትባል ድሃ አያት ነበረችን፤» አለች ኦገስታ። «እስከ ትናንት በእሷ አፍር ነበር። ዛሬ ግን እሷ ፊት መቆም አፈርኩ።»