የጃቤዝ ኦግደን የመጨረሻ ብርጭቆ

ጃቤዝ ኦግደን የእግር ኳስ ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው በልብስ መቀየሪያው ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። አንድ እግሩ የመጫወቻ ጫማ አጥልቋል፤ ሌላው ገና ባዶውን ነበር። አጠገቡ የወደቀው ብርጭቆ የጉልበት ማሻ መድኃኒት ይሸታል፤ ከጠጡት የሚገድል መርዝ ነው።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ የክለቡ ሊቀ መንበር ሚስተር ፒልኪንግተን። «ከሩቅ የሚገማ ነገር ሳያውቅ የሚጠጣ ማን አለ?»

«ሰሞኑን ከፍቶት ነበር» አለ አሠልጣኙ ሽማግሌው ኢኖክ፣ መሬት መሬት እያየ።

የእንግሊዟ ላንካሸር እንዲህ ናት፤ ተጫዋቿን ቅዳሜ በትከሻዋ ተሸክማ ሰኞ ትረሳዋለች። ጃቤዝን ግን አንድ ሰው አልረሳውም፤ ኢንስፔክተር ሮትዌል። በሦስተኛው ቀን የሟቹን ሚስት ሄስተርን ሊጠይቃት ቤቷ ሄደ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለችው። «ትቶኝ ነው የሄደው?»

«ሰሞኑን እንዴት ነበር?»

«በገና ሰሞን ዝናብ የጠጣች ኳስ በግንባሩ ገጭቶ ከወደቀ ወዲህ ሰው አልሆነም። ባለፈው ሳላውቅ የተበላሸ ወተት ሰጠሁት። እኔን ሽታው ሊያስመልሰኝ ደረሰ፤ እሱ ጭልጥ አድርጎ ‹እጅሽ ይባረክ› አለኝ። ኑሮ እንዳስጠላው ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።»

ኢንስፔክተሩ ብድግ አለ። «ይምጡ፤ አብረን እንሂድ።»

በልብስ መቀየሪያው ክፍል ፒልኪንግተንና ኢኖክ ተጠርተው ይጠብቁ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከኢኖክ ሣጥን የወጡ ሁለት አንድ ዓይነት የወይን ጠርሙሶች ቆመዋል።

«ጋሽ ኢኖክ፣ ከጨዋታ በፊት ለልጆቹ እንቁላል በወይን ይሰጣሉ አሉ። እንቁላሉን መትቼዋለሁ፤ ወይኑን ይጨምሩበት።»

ሽማግሌው አንዱን ጠርሙስ አነሳ፤ በጥንቃቄ አሸተተው፤ ከዚያ ቀዳ። ፒልኪንግተን አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ሄስተር ወደ መስኮቱ ሸሸች። ኢኖክ ብቻ ምንም ሳይመስለው ብርጭቆውን ዘረጋ።

«የቀዱት ማሻውን ነው» አለ ሮትዌል በቀስታ። «ሠላሳ ዓመት የተጫዋች እግር ሲያሹ ኖረው አፍንጫዎ ደንዝዟል። የጃቤዝ አፍንጫ ደግሞ ከገናው ምት በኋላ ማሽተት አቁሟል፤ ወተቱ ምስክር ነው። ራሱን ሊያጠፋ የተቀመጠ ሰውም የመጫወቻ ጫማ አያጠልቅም።»

«ማሻው ከወይን ጠርሙስ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ ፒልኪንግተን።

«ከእርስዎ ተደብቆ ነው። የጃቤዝ ጉልበት መታመሙን ቢያውቁ በዚያው ቀን ያባርሩት ነበር።»

ኢኖክ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «‹አንድ ዓመት ብቻ ልጫወት፣ ጋሼ፣ ደብቅልኝ› ብሎ ለመነኝ። ጠርሙሱ ተምታታብኝ። በእጄ ሰጥቼው ‹ግጥም አድርጋት የኔ ልጅ› አልኩት። ራሱን አጠፋ ሲሉ ደግሞ ፈራሁና ዝም አልኩ።»

ሄስተር ከመስኮቱ ዞረች።

«ትናንት ሲቀበር ‹ሳሚውና ተሰናበቺው› አሉኝ፣ ጋሽ ኢኖክ። ትቶኝ የሄደን ሰው አልስምም አልኩ።»