የሠላሳ አምስት ቀን ልዩነት

ነርስ ውብነሽ ሞታ የተገኘችው ለቡ ውስጥ፣ ገና ሊፍት ያልተገጠመለት ሕንፃ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የምትሠራበት የመካንነት ሕክምና ክሊኒክ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ጉድጓዱን የሚከልለው ጣውላ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«አዳልጧት ቢሆን ጣውላውም አብሯት ይወድቅ ነበር» አለች ኢንስፔክተር ፅጌረዳ።

ሟቿ ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ስልኳን የደወለችው ለደራርቱ ነበር። ደራርቱ በክሊኒኩ ላብራቶሪ የተዘጋጀ ፅንስ ማህፀኗ ገብቶላት ያረገዘች የሀና ማርያም ነዋሪ ናት።

«ምን አለችሽ?» አለቻት ፅጌረዳ፣ ቤቷ ሄዳ።

«ሌላ ቦታ የታየሁትን አልትራሳውንድ ልኬላት ነበር። ‹የምትወልጂው ሰኔ አንድ ሳይሆን ሐምሌ ስድስት ነው፤ ዶክተሩን እስክጠይቀው ለማንም እንዳትናገሪ› አለችኝ። ለጉርሜሳም አልነገርኩትም።»

ባሏ ጉርሜሳ ፊቱ ጠቆረ። «ሐምሌ ከሆነ የተረገዘው ጥቅምት ነው፤ ጥቅምትን ሙሉ እኔ ጅማ ነበርኩ» አለ በዝግታ።

ፅጌረዳ እሱን ትታ ወደ ደራርቱ ዞረች። «በጥቅምት ክሊኒክ ሄደሽ ነበር?»

«አዎ፣ ጥቅምት አሥራ አምስት። መስከረም መጨረሻ ላይ ደም አይቼ ፈርቼ ነበር። ዶክተሩ ‹ያጋጥማል› ብሎ ኪኒን ሰጠኝ፤ በኋላ ‹ፅንሱን ሳልነካ የቀረውን ደም ከማህፀንሽ ላጽዳ› ብሎ ጠራኝ። ያለን ፅንስ አንድ ብቻ ነበር፤ እንዳይሞትብኝ እሺ አልኩ።»

ዶክተር ኢያቄም ክሊኒኩ ውስጥ ፅጌረዳን ፈገግ ብሎ ተቀበላት። «ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ውብነሽን አላየኋትም፣ በስልክም አላገኘኋትም።»

«የደራርቱን የመውለጃ ቀን እንዴት ቆጠሩት?»

«ላብራቶሪ አምስት ቀን ያደገ ፅንስ፣ ማህፀን ከገባ በሁለት መቶ ስልሳ አንደኛው ቀን ይወለዳል። መስከረም አሥር ገባ፤ ሰኔ አንድ ይወለዳል።»

«ውብነሽ ግን ሌላ ቀን ነግራታለች።»

«ሠላሳ አምስት ቀን መሳሳት ለነርስ ያሳፍራል።»

ፅጌረዳ አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ባልና ሚስቱንና ዶክተሩን ክሊኒኩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከሐምሌ ስድስት ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ቀን ወደኋላ ስንቆጥር ጥቅምት አሥራ አምስት ላይ እንደርሳለን። የመስከረሙ ፅንስ በደም ወርዷል። ጥቅምት ላይ ማህፀን አልጸዳም፤ የሌላ ሴት ፅንስ ነው የገባው። ውብነሽ ይህን ያወቀችው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ አላገኘኋትም ብለዋል። ዶክተር፣ እኔ ሌላ ቀን አልኩ እንጂ ስንት ቀን እንደሚለያይ አልነገርኩዎትም። ደራርቱም እኔ እስክጠይቃት ለባሏ እንኳን አልነገረችም። ሠላሳ አምስት ቀን መሆኑን ከማን ሰሙ?»

የዶክተር ኢያቄም ድምፅ ሰለለ። «ከደራርቱ በፊት ስድስት ሴቶች አልተሳካላቸውም። ሰባተኛዋን... አልተሳካም ልላት አልቻልኩም። ውብነሽ እከስሃለሁ አለችኝ።»

ጉርሜሳ ከሚስቱ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ዓይኗን ማየት ግን አልቻለም።

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?» አለች ደራርቱ።

«ከብስራተ ገብርኤል የምትመጣ ሀና የምትባል ሴት አለች» አለች ፅጌረዳ። «ጥቅምት አሥራ ስድስት ቀን ‹ላብራቶሪ ያለው ፅንስሽ ሞቷል› ተብላለች። እውነቱን ልነግራት ግድ ነው። ጠርቻታለሁ።»

ከታች፣ ከደረጃው፣ የሴት ጫማ ድምፅ ተሰማ። ደራርቱ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«በሩን ዝጉት» አለች። «እባካችሁ፣ በሩን ዝጉት!»